በቀጣሪ ቪዛ ወጥቶ ፒአር (ቋሚ ነዋሪነት) ለመያዝ የቱ ይሻላል? ጀርመን፣ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ጎን ለጎን

"የቱ አገር ይቀላል?" ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ ካናዳ ይላል፣ ሌላው ጀርመን ሰራተኛ አጥታለች ይላል፣ ሦስተኛው የኤጀንሲ ስልክ ይለጥፋል። ሁሉም የሚያወራው ስለ አገሩ ነው፣ ስለ ቪዛው ዓይነት የሚያወራ ግን ብዙም የለም። አንድ አገር ውስጥ ራሱ ሁለት ሦስት በር አለ፣ በአንዱ የገባ ሰው ከኤርፖርት ጀምሮ ቋሚ ነዋሪ ነው፣ በሌላው የገባው ደግሞ ዓመታት ሙሉ አለቃው ዛሬ ምን ይል ይሆን እያለ ይኖራል። ስለዚህ መጀመሪያ መለኪያ እናስቀምጥ፣ ከዛ እያንዳንዱን በዛው መለኪያ እንየው።

ይሄ ጽሁፍ ዲግሪና የተወሰነ የሥራ ልምድ ላለው ሰው ነው፣ ነርስ፣ ሶፍትዌር የሚሰራ፣ መሃንዲስ፣ አካውንታንት ለመሳሰሉት። ዲቪ፣ ጋብቻና ጥገኝነት ሌላ ጉዳይ ስለሆኑ አልነካቸውም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ የደሞዝ ወለሉና ክፍያው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ደግሞ ከማመልከታችሁ በፊት የአገሩን የመንግሥት ድረገጽ ማየት የግድ ነው።

## መጀመሪያ መለኪያው

ለኔ ከሁሉም የሚቀድመው ፈቃዱ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። በስፖንሰር ገባችሁ ማለት ቀጣሪው ስለፈረመላችሁ ገባችሁ ማለት ነው፣ እና እሱ ቢያሰናብታችሁ ወይ ድርጅቱ ቢዘጋ እዛው አገር ስንት ቀን መቆየት ትችላላችሁ? ሌላ ቀጣሪ ብታገኙስ ያለፈው ጊዜ ይቆጠርላችኋል ወይስ ከዜሮ ነው? ደሞዝ ሲጓደል፣ ሰዓት ያለ ክፍያ ሲጨመር፣ ሰው ሲሰደብ ዝም የሚለው እነዚህን ቀናት እያሰበ ነው፣ ለዚህ ነው ይሄን ከደሞዝም በፊት የማየው።

ከዛ ቀጥሎ ፒአር ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ ምንስ ይጠይቃል። ከዛ ወጪው፣ በተለይ ሕጉ ቀጣሪው ይክፈል የሚለው የትኛው ነው፣ ምክንያቱም ደላላ የሚበላችሁ እዚህ ጋር ነው። ከዛ ባል ወይ ሚስት አብሮ ሄዶ መስራት ይችላል ወይ፣ ቋንቋና የትምህርት ማስረጃው እስከምን ድረስ ነው፣ በመጨረሻም ሕጉ ይረጋጋል ወይስ በየስድስት ወሩ ይገለባበጣል። የመጨረሻውን ሰው ይረሳዋል፣ ግን አምስት ዓመት የሚጠብቅ ሰው መሃል መንገድ ላይ ሕግ ሊቀየርበት ይችላል።

## ጀርመን

ከቀጣሪ ጋር ከተያያዙት መንገዶች ውስጥ አሁን ላይ ወደ ፒአር አጭሩና ግልጹ የጀርመኑ ብሉ ካርድ ነው ብዬ አምናለሁ። ዲግሪ፣ ከዲግሪው ደረጃ ጋር የሚመጥን የሥራ ውልና የደሞዝ ወለል ይጠይቃል፣ ወለሉ ለ2026 በዓመት 50,700 ዩሮ ነው፣ እጥረት አለባቸው ለተባሉ ሙያዎችና ከተመረቁ 3 ዓመት ላልሞላቸው ደግሞ ከ45,900 ትንሽ በለጥ ይላል። አይቲ ላይ ያለ ሰው ዲግሪ ባይኖረውም የ3 ዓመት ጠንካራ ልምድ ካለው ሊያገኝ ይችላል፣ ይሄ ከሌሎቹ አገሮች ብዙም የማታገኙት ነገር ነው።

ፒአሩ በ27 ወር ነው፣ ጀርመንኛችሁ ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) ከደረሰ በ21 ወር። ልብ በሉ፣ ቋንቋ መማር ስድስት ወር ይቀንስላችኋል፣ ስለዚህ ኮርሱን እዚህ እያላችሁ ጀምሩት፣ አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት አለ። በእነዚህ ወራት የጡረታ መዋጮ እየተከፈለ መሆን አለበት፣ ደሞዙ በሕጋዊ መንገድ ከመጣ እሱ በራሱ ይሄዳል። ሥራ መቀየር ይቻላል፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ግን ለውጭ ዜጎች ቢሮው ማሳወቅ አለባችሁ። ባል ወይ ሚስት ያለ ጀርመንኛ ፈተና አብሮ ይሄዳል፣ እንደደረሰም መስራት ይችላል። ደሞዙ ብሉ ካርድ ጋ ካልደረሰ መደበኛው የባለሙያ ፈቃድ አለ፣ እሱ ላይ ፒአር 3 ዓመትና ቢ1 ይጠይቃል።

ማነቆው የትምህርት እውቅናው ነው። አናቢን በሚባለው የጀርመኖች ዳታቤዝ ዩኒቨርሲቲያችሁ "ኤች ፕላስ" (እውቅና ያለው) መሆኑንና የዲግሪው ዓይነት መመዝገቡን እዩ፣ ከሌለ ለዲግሪ ማመሳከሪያ 208 ዩሮ ከፍላችሁ ትጠይቃላችሁ። ነርሶች ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ ሙያው ቁጥጥር ስላለበት ትምህርታችሁ ከጀርመኑ ጋር ይነጻጸርና ብዙ ጊዜ ይሄ ይሄ ይጎድላል የሚል ውሳኔ ይመጣል፣ ከዛ ወይ ፈተና ወይ ሆስፒታል ውስጥ ልምምድ፣ ከዛ ላይ ቢ2 ጀርመንኛ። ይቻላል፣ ግን ዓመት ከዓመት ተኩል አስባችሁ ግቡበት።

ውል ሳይኖራችሁ ሥራ ፈላጊ ሆናችሁ የምትሄዱበት ቻንሰንካርተም ከ2024 ጀምሮ አለ። በትምህርት፣ በልምድ፣ በቋንቋና በዕድሜ የሚሰላ 6 ነጥብና በዓመት ከ13,000 ዩሮ በላይ የታገደ አካውንት (በየወሩ እየተቆረጠ ብቻ የሚወጣበት) ውስጥ ማስቀመጥ ይጠይቃል፣ ይሄን ገንዘብ ተበድሮ የሚሄድ ሰው ግን አንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ካላገኘ ዕዳ ይዞ ስለሚመለስ እኔ አልመክርም።

## አሜሪካ፣ ሁለት የማይገናኙ በሮች

ኤች ዋን ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ ጊዜያዊ ነው፣ የሚደርሰውም በሎተሪ ነው። በዓመት 65,000፣ አሜሪካ ማስተርስ ላላቸው ደግሞ ተጨማሪ 20,000 ቦታ ነው ያለው፣ ምዝገባው ማርች ላይ ነው፣ ከ2026 ጀምሮ ደግሞ ሎተሪው ደሞዙ ከፍ ላለ ሰው የበለጠ ዕድል ይሰጣል። ሴፕቴምበር 2025 ላይ በወጣው ትዕዛዝ ከአሜሪካ ውጭ ያለን ሰው አዲስ ለማስገባት ቀጣሪው 100,000 ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል፣ ለአንድ ዓመት ተብሎ የወጣ ሊራዘም የሚችል ትዕዛዝ ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ላመለከተ መካከለኛ ልምድ ላለው ሰው ይሄን ብር የሚከፍል ካምፓኒ ይገኛል ብሎ ማቀድ ከባድ ነው። ቢገኝም ቪዛው 3 ዓመት ሆኖ እስከ 6 ይራዘማል፣ ሥራ ሲቋረጥ እስከ 60 ቀን ነው ያላችሁ፣ ባል ወይ ሚስት ደግሞ አይ 140 የሚባለው የግሪን ካርድ ደረጃ እስኪጸድቅ መስራት አይችልም። ፒአሩ ደግሞ በራሱ አይመጣም፣ ቀጣሪው ፈልጎ ካላስጀመረው ስድስቱ ዓመት ያልቃል። አሜሪካ ውስጥ ተምራችሁ እየጨረሳችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፣ በተለይ ዩኒቨርሲቲዎችና ከነሱ ጋር የተያያዙ ሆስፒታሎች ከሎተሪው ውጭ ስለሆኑ እዛ ፈልጉ።

ኢቢ ስሪ ግን ራሱ ግሪን ካርድ ነው። ቀጣሪው አሜሪካዊ ሰራተኛ እንዳላገኘ ያረጋግጣል፣ ፔቲሽን ያስገባል፣ ወረፋው ሲደርስ እናንተ፣ ባል ወይ ሚስትና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሁላችሁም ቋሚ ነዋሪ ሆናችሁ ትገባላችሁ። ነርሶችና ፊዚዮቴራፒስቶች የሰራተኛ እጥረት ማረጋገጫውን ይዘሉታል፣ ነርሶቹ ኤንክሌክስ የሚባለውን የአሜሪካ የነርስ ፈቃድ ፈተና አልፈው፣ ሁለቱም ቪዛ ስክሪን የሚባለውን ሰርተፊኬት ይዘው ነው የሚቀርቡት። ኢትዮጵያ እንደ ህንድ የራሷ ረጅም ወረፋ የላትም፣ ቢሆንም አጠቃላዩ ወረፋ ራሱ ዓመታት ይፈጃል፣ በየወሩ የሚወጣውን ቪዛ ቡለቲን ማየት ነው።

እዚህ ላይ ግን ትልቅ ችግር አለ። ጃንዋሪ 2026 ላይ አሜሪካ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት አቁማለች፣ ኢትዮጵያም ዝርዝሩ ውስጥ አለች። ኢቢ ስሪ የኢሚግራንት ቪዛ ስለሆነ በቀጥታ ይነካዋል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እገዳው ያለበትን ሁኔታ እዩ፣ "ለኛ ደንበኞች አይመለከትም" ለሚል ኤጀንሲ አንድ ሳንቲም እንዳትሰጡ።

ሌላው የነርስ ኤጀንሲዎች ውል ነው። ውሉን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡት፣ ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት ከለቀቃችሁ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ካሳ ትከፍላላችሁ የሚል አንቀጽ ብዙ ጊዜ መጨረሻ አካባቢ ነው የሚገኘው። ፒአር ይዛችሁም በዚህ አንቀጽ ታስራችሁ ልትቀሩ ትችላላችሁ፣ ይሄ ደግሞ ከላይ ያልኩትን የመጀመሪያ መለኪያ ያፈርሰዋል።

## እንግሊዝ

እንግሊዝ ድሮ ቀላል ነበረች፣ አሁን አይደለችም። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ስኪልድ ወርከር ቪዛ የዲግሪ ደረጃ ሥራ ይፈልጋል፣ የደሞዙ ወለል 41,700 ፓውንድ ሆኗል፣ ኬር ወርከር (የአረጋውያንና የህመምተኛ ተንከባካቢ) ከውጭ ማስመጣትም ተዘግቷል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ እንግሊዝኛው ወደ ቢ2 ከፍ ብሏል። አሁንም "የኬር ቪዛ አለ" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አብራችሁት አትቀመጡ።

ሥራ ከተቋረጠ 60 ቀን ነው፣ ኢንደፊኒት (የእንግሊዙ ፒአር) በ5 ዓመት ነው፣ ነገር ግን መንግሥት መደበኛውን ወደ 10 ዓመት ለማሳደግ ዕቅድ አውጥቷል፣ ስለዚህ ዛሬ የሚገባ ሰው 5 ብሎ ሳይሆን 10 ሊሆን ይችላል ብሎ ይወስን። ክፍያውም ከባድ ነው፣ የጤና ክፍያ ብቻ ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ ስለሆነ ለባልና ሚስት በ5 ዓመት ከ10,000 ያልፋል፣ ያውም ለቪዛው ሲመለከት አንድ ላይ የሚከፈል ነው። ነርስና ሌላ የጤና ባለሙያ በሄልዝ ኤንድ ኬር ቪዛ ከገባ ግን ይሄን አይከፍልም፣ የደሞዝ ወለሉም ዝቅ ያለ ነው።

ስለ ነርስ ካነሳን አንድ ነገር ይታወቅ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው አገሮች አንዷ ናት፣ በዚህ ምክንያት የእንግሊዝ ቀጣሪዎችና ኤጀንሲዎች መጥተው ከኢትዮጵያ መመልመል አይችሉም፣ ጀርመንም የግል ኤጀንሲ ከነዚህ አገሮች የጤና ባለሙያ እንዳይመለምል በሕግ ከልክላለች። እናንተ ራሳችሁ ማስታወቂያውን አይታችሁ በቀጥታ ማመልከት ግን መብታችሁ ነው። ስለዚህ ቦሌ ቢሮ ከፍቶ "ለእንግሊዝ ሆስፒታል ነርስ እንመለምላለን" የሚል ካለ ገና ከመነሻው ችግር አለበት ማለት ነው።

## ካናዳ

ካናዳ ላይ ብዙ ሰው ያልሰማው ለውጥ አለ። ከማርች 2025 ጀምሮ ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው በነጥብ የሚወዳደሩበት የፒአር ማመልከቻ ላይ የጆብ ኦፈር ነጥብ ቀርቷል። ድሮ 50 ወይ 200 ነጥብ ስለሚሰጥ ነበር ሰው ኤልኤምአይኤ (ቀጣሪው ከውጭ ሰው ለመቅጠር የሚያወጣው የመንግሥት ማረጋገጫ) በብዙ ሺህ ዶላር የሚገዛው፣ አሁን ያ ነጥብ የለም፣ ግን ዛሬም እየተሸጠ ነው። ኤልኤምአይኤ ላይ ያለው የ1,000 ዶላር ክፍያ የቀጣሪው ነው፣ ወደ ሰራተኛው ማዞር ክልክል ነው።

ጥሩው ነገር ደግሞ ቀጣሪ ሳይኖራችሁ በራሳችሁ ነጥብ ገብታችሁ መጀመሪያ ቀን ፒአር መሆን መቻሉ ነው፣ በኔ መለኪያ ይሄ አንደኛ ነው። ችግሩ ነጥቡ ነው፣ ዕድሜ ከ30 በኋላ በየዓመቱ ይቀንሳል፣ ካናዳ ውስጥ የሰራ ሰው ራሱ ከ500 በላይ እየተጠየቀ ነው። ከውጭ ሆኖ ለሚያመለክት ሰው ያለው ትልቁ መውጫ ፈረንሳይኛ ነው፣ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በተለየ በተደረጉ ጥሪዎች ነጥቡ ከ400 በታች የወረደበት ጊዜ አለ። ዓመት ከዓመት ተኩል አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ገብቶ መማር ለደላላ ከሚከፈለው ብር ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደሚሻል እናንተው አስሉት። የጤናና የግንባታ ሙያዎችም የራሳቸው ጥሪ አላቸው።

ከቀጣሪ ጋር መሄድ ለሚፈልግ የአትላንቲክ ፕሮግራሙ አለ፣ ኖቫ ስኮሺያ፣ ኒው ብረንዝዊክ፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ አይላንድ እና ኒውፋውንድላንድ። ቀጣሪው በክፍለ ሀገሩ የተፈቀደለት መሆን አለበት፣ ኤልኤምአይኤ አያስፈልግም፣ ማመልከቻው ራሱ የፒአር ነው።

የባንክ ገንዘቡን አትርሱ፣ ከውጭ በኤክስፕረስ ኢንትሪ ለሚገባ ነጠላ ሰው በ2025ቱ ተመን 15,263 የካናዳ ዶላር በስሙ ማሳየት አለበት፣ ቤተሰብ ሲኖር ይጨምራል። ብር በ2024 ጁላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይሄ ለደሞዝተኛ ሰው በጣም ከብዷል።

## አውስትራሊያ እና ባህረ ሰላጤው በአጭሩ

አውስትራሊያ 482 የሚባለው ቪዛ እስከ 4 ዓመት ነው፣ ከስፖንሰር ጋር 2 ዓመት ከሰራችሁ በኋላ 186 በሚባለው ቪዛ ለፒአር ማመልከት ይቻላል፣ ቀጣሪ ቀይራችሁም ከሆነ ጊዜው ይደመራል። ሥራ ቢቋረጥ 180 ቀን ይሰጣል፣ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ 60 ቀን ጋር ስታወዳድሩት ትልቅ ልዩነት ነው። ወለሉ ከጁላይ 2025 ጀምሮ በዓመት 76,515 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር፣ በየጁላይ ይከለሳል። 45 ዓመት ከሞላ ግን የፒአሩ በር በአብዛኛው ይዘጋል። ለስፖንሰርሺፕ ብር መክፈልም መቀበልም እዛ አገር ያስቀጣል።

ዱባይ፣ ሪያድና ዶሃ በመደበኛ ሥራ የሚገኝ ፒአር የለም። የኤሚሬትስ ጎልደን ቪዛ ለባለሙያ በወር 30,000 ድርሃም ደሞዝ ይጠይቃል፣ የሳውዲ ቋሚው ፕሪሚየም ኢቃማ ደግሞ 800,000 ሪያል ነው። ባህረ ሰላጤ ገንዘብና ልምድ ማጠራቀሚያ ይሆናል፣ እዛ የሰራችሁት ልምድ ካናዳም ጀርመንም ይቆጠራል።

## በአንድ ሰንጠረዥ

| መንገድ | ሥራ ቢቋረጥ | እስከ ፒአር | ባል/ሚስት መስራት | ዋናው ማነቆ |
|---|---|---|---|---|
| ጀርመን ብሉ ካርድ | አብዛኛውን ጊዜ 3 ወርና በላይ | 21 ወይ 27 ወር | ይችላል | ቋንቋና የዲግሪ እውቅና |
| አሜሪካ ኤች ዋን ቢ | እስከ 60 ቀን | በቀጣሪው ፈቃድ | መጀመሪያ ላይ አይችልም | ሎተሪና 100,000 ዶላር |
| አሜሪካ ኢቢ ስሪ | መኖሪያው አይነካም | ከገቡበት ቀን | ይችላል | ወረፋና የቪዛ እገዳ |
| እንግሊዝ | 60 ቀን | 5 ዓመት፣ ሊረዝም ይችላል | ይችላል | ደሞዝና ክፍያ |
| ካናዳ ኤክስፕረስ ኢንትሪ | መኖሪያው አይነካም | ከገቡበት ቀን | ይችላል | ነጥብና የባንክ ገንዘብ |
| አውስትራሊያ 482 | 180 ቀን | 2 ዓመት ሰርቶ ማመልከት | ይችላል | ዕድሜና የደሞዝ ወለል |

## ለማን የቱ?

ሶፍትዌር ላይ 3 ዓመትና ከዛ በላይ የሰራ፣ ብዙ ብር ያላስቀመጠ ሰው ጀርመንን ይሞክር፣ በእንግሊዝኛ የሚሰሩ ካምፓኒዎች አሉ፣ ለሥራው ማመልከትም በነጻ ነው። ነርስ ከሆናችሁና ቋንቋ ለመማር ትዕግስቱ ካላችሁ ጀርመን፣ አይኤልትስ ወይ ኦኢቲ (የእንግሊዝኛ ፈተናዎች) ላይ ጎበዝ ከሆናችሁ ደግሞ በራሳችሁ አመልክታችሁ እንግሊዝ፣ አሜሪካን ግን እገዳው እስኪነሳ ኤንክሌክሱን እያለፋችሁ ጠብቁ፣ ፈተናው የትም አይሄድም። ከ30 በታች የሆነ፣ ማስተርስ ያለው፣ እንግሊዝኛው ጠንካራ የሆነ አካውንታንት ወይ መሃንዲስ ካናዳን ከፈረንሳይኛ ጋር ያስብ። ከ40 በላይ ከሆናችሁ ካናዳ ነጥቡ ይጎዳችኋል፣ አውስትራሊያ ጊዜ እያለቀባችሁ ነው፣ ብሉ ካርድ ግን የዕድሜ ገደብ የለውም። ልጆች ያሏችሁና ባል ወይ ሚስት እንዲሰራ የምትፈልጉ ሰዎች ኤች ዋን ቢን የመጨረሻ አድርጉት።

## ከሁሉም በፊት ወረቀቱ

የትኛውንም ብትመርጡ እዚሁ አገር ቤት የሚያዘገያችሁ ነገር ተመሳሳይ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የጨረሳችሁት ኮስት ሼሪንግ ሳትጨርሱ ኦርጅናል ዲግሪ አይሰጣችሁም፣ በቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ደግሞ የውጭ ገምጋሚዎች ብዙ ጊዜ አይቀበሉም፣ ስለዚህ እሱን ዛሬ ጀምሩት። ትራንስክሪፕቱን ሬጅስትራሩ ራሱ አሽጎ እንዲልክ የሚጠይቁ አሉ፣ በእጅ የተሰጣችሁን አይወስዱም።

የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ደግሞ "ከመስከረም 2011 እስከ ሰኔ 2014" ብሎ ተጽፎ፣ ዓመተ ምህረት መሆኑ ሳይገለጽ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ልምዳችሁ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ገምጋሚው ከተመረቃችሁበት ቀን በፊት ሰርታችኋል ይላል። በፈረንጅ አቆጣጠር ያስጽፉ፣ የሥራ መደብ፣ የሳምንት ሰዓት፣ ደሞዝና ዝርዝር ሥራው ይኑርበት፣ "በታታሪነት ሲያገለግሉ ቆይተዋል" የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምንም አይጠቅምም። ስምም እንደዛው፣ ዲግሪው ላይ በአንድ ፊደል፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት የተጻፈ ስም ወራት ያስፈጃል፣ የአያት ስም ከዲግሪው ላይ ከጎደለ አስቀድማችሁ አስተካክሉ።

የፖሊስ ማስረጃውን ግን አትቸኩሉበት፣ ጊዜው ስለሚያልፍ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ነው የሚወጣው።